«ሁለቴ ከፍሎኛል» ለሚሉ፦ ላይክ ሲያደርጉ ይከፍላሉ ስለሚባሉ አፖች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም በላከልኝ ሊንክ ገብቼ አንድ አፕ ላይ 5,000 ብር አስገባሁ። በቀን 5 ቪዲዮ ላይክ አድርጌ 150 ብር እሠራለሁ። ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሺህ ብር አውጥቻለሁ፤ ሁለቱም በሰዓቱ ቴሌብሬ ላይ ገቡ። አሁን ዕቁብ ደርሶኛል። ቪአይፒ 4 ወደሚባለው ትልቅ ደረጃ ለመግባት 80,000 ብር ይጠየቃል፤ በቀን 2,800 ብር ይከፍላል። የአሜሪካ ፈቃድ እንዳላቸው ሰርተፍኬቱን ግሩፑ ላይ አይቻለሁ። እውነት መሆኑን በምን ላጣራ? ውሸት ከሆነስ፣ ሳይዘጋ ገብቼ መውጣት አልችልም?»

የዕቁቡን ብር አያስገቡ። አፑ ላይ የሚታየውን ቀሪ ሂሳብም ዛሬውኑ በሙሉ ለማውጣት ይጠይቁ። ምክንያቱን ከዚህ በታች ዘርዝሬዋለሁ፤ ራስዎ የሚያጣሩበትንም መንገድ ጨምሬያለሁ። ቃሌን ብቻ ይዘው እንዳይሄዱ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን የመጡት በአክስትዎ ልጅ ቃል ነውና።

በመጀመሪያ በጣም ያሳመነዎትን ነገር እንይ፤ ሁለቱን የአንድ አንድ ሺህ ብር ክፍያዎች። ያስገቡት 5,000 ነው፤ የወጣልዎት 2,000 ነው። ስለዚህ አፑ እስካሁን ከራሱ ኪስ አንድ ብር አልከፈለዎትም። የራስዎን ገንዘብ ቆርሶ መለሰልዎት፤ 3,000 ብርዎ አሁንም እነሱ ዘንድ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ምንም ያህል ቢያድግ አንድ ሰው ዳታቤዝ ውስጥ የጻፈው ቁጥር ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ። የመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች ሆን ተብለው ፈጣን ይደረጋሉ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ማስታወቂያ ማለት እነሱ ናቸው። የክፍያ መልእክቱን ስክሪንሾት አድርገው ለስንት ሰው እንዳሳዩ ያስቡት። ለአንድ አፕ ከዚያ የረከሰ ማስታወቂያ የለም።

ቀጥሎ «ሥራው»። ቪአይፒ 1 ላይ ያለ ሰው አምስት ላይክ አድርጎ 150 ብር ያገኛል። ቪአይፒ 4 ላይ ያለውም እነዚያኑ ቪዲዮዎች ላይክ አድርጎ 2,800 ያገኛል። አውራ ጣቱ ያው አውራ ጣት ነው፣ ቪዲዮውም ያው ቪዲዮ። የተለየው የተቀመጠው ገንዘብ መጠን ብቻ ነው። እንግዲህ ክፍያው ለላይኩ ሳይሆን ለተቀማጩ ነው ማለት ነው፤ ላይኩ የገባው በየቀኑ አፑን እንዲከፍቱና «ለፍቼ ያገኘሁት ነው» ብለው እንዲያምኑ ነው። ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል እንጂ ደሞዙ ባስያዘው ብር ልክ አይወሰንም። የእውነት ማስታወቂያ አስነጋሪ ለላይክ መክፈል ቢፈልግ ኖሮ ከእርስዎ ተቀማጭ የሚጠይቅበት አንድም ምክንያት አይኖረውም።

ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ ሰብስቦ ወለድ መክፈል ደግሞ ስም አለው፤ የባንክ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ መሥራት በኢትዮጵያ ወንጀል ነው። «የአሜሪካ ፈቃድ» ይህን አይተካም፤ ስለ ፈቃዱ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን እስክሪብቶ ይያዙ። ከ5,000 ላይ በቀን 150 ብር ማለት በቀን 3 በመቶ ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው፤ አፑ ይህን ከሁለት ቀን ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ እከፍላለሁ እያለ ነው። ትርፉን ሳያወጡ በየቀኑ መልሰው ቢያስገቡት 5,000 ብርዎ በወር 12,000 ብር ይሻገራል፤ በዓመት መጨረሻ ደግሞ ከ240 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። በትክክል አንብበዋል፤ ከአንድ 5,000 ብር። በዓለም ላይ በየቀኑ 3 በመቶ የሚያስገኝ «የኤአይ ትሬዲንግ» (እንዲህ ያሉ አፖች ትርፉ ይመጣበታል የሚሉት በኮምፒውተር የሚካሄድ ንግድ) የያዘ ሰው ቢኖር ከባንክ 5,000 ብር ተበድሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ ቴሌግራም ላይ የሰው ዕቁብ አይለምንም።

ይህ እንዴት እንደሚቆም ለማየት አንድ ሺህ ሰው እያንዳንዱ 5,000 ብር አስገባ እንበል። 5 ሚሊዮን ብር ተሰበሰበ። ሰው ላመጣ ሰው የሚከፈለው ኮሚሽን በሦስት ደረጃ 10፣ 3 እና 1 በመቶ ቢሆን (ብዙዎቹ ጋር ከዚህ ብዙ አይርቅም) 700,000 ብር ወዲያው ሄደ። የቀረው 4.3 ሚሊዮን ነው። ለአንድ ሺህ ሰው በቀን 150 ብር ሲከፈል 150,000 ይወጣል። አዲስ ሰው ካልገባና ባለቤቶቹ ሳንቲም ካልነኩ በ29ኛው ቀን ካዝናው ባዶ ነው። ባለቤቶቹ ግን ለጽድቅ አልመጡም፤ ከመጀመሪያው 30 በመቶ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ቢያነሱ በ19ኛው ቀን ያልቃል። የእያንዳንዱ ሰው ዋና ገንዘብ ደግሞ የሚመለሰው በ34ኛው ቀን ነው። አዲስ ገቢ ዕድሜውን ያራዝማል፤ ሆኖም አዲሱ ሰው ከኮሚሽን የተረፈ 4,300 ብር ይዞ ሲመጣ ከነገ ጀምሮ በቀን 150 ብር የሚጠይቅ አፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ግሩፑ ላይ «ሰው አምጡ» የሚለው ጩኸት ከሳምንት ሳምንት የሚበረታው።

ይህ የሒሳብ አሠራር ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። ቻርልስ ፖንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ ብሎ ነበር፤ ስሙ ለዘዴው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በአልባኒያ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሲወድቁ አገሪቱ በአመጽ ተናወጠች፣ መንግሥትም ወደቀ። በአፑ ዘመን የተጨመረው ነገር ፍጥነት ነው። ፖንዚ ቢሮና ጸሐፊ ያስፈልገው ነበር፤ አሁን የሚያስፈልገው በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ዝግጁ ኮድ፣ አንድ የቴሌግራም ግሩፕና ከየከተማው የሚመለመል «ሊደር» ነው።

ወደ ማጣራቱ እንሂድ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ከሆነው ወደሚከብደው ነው፤ ስልክ ብቻ ይበቃል።

አፑ ድረ ገጽ ካለው (ሊንኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ድረ ገጽ ነው) የዶሜይኑን ስም (የድረ ገጹን አድራሻ) ገልብጠው በአይካን ሉክአፕ (lookup.icann.org) ወይም የድረ ገጽ ምዝገባ በሚያሳይ በማንኛውም የሁዊዝ መፈለጊያ ላይ ይለጥፉት። የተመዘገበበት ቀን ይወጣል። «እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በ40 አገር እየሠራን ነው» የሚል ድርጅት ዶሜይኑ የተመዘገበው ከሦስት ወር በፊት ከሆነና የምዝገባው ጊዜ ደግሞ ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ፣ ማጣራቱ እዚህ ሊያበቃ ይችላል። ዶሜይኑን በየጊዜው «ሰርቨር አሻሻልን» እያሉ የሚቀይሩ ከሆነም እንዲሁ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የእውነተኛ ኩባንያን ስም በአንድ ፊደል ለውጠው ወይም ከኋላው ቁጥር ጨምረው የሚጠቀሙ አሉ። ጎግል ላይ ኩባንያው በእውነት መኖሩ አፑ የእሱ መሆኑን አያሳይም። የእውነተኛውን ኩባንያ ገጽ ከፍተው እዚያ ውስጥ የአፑ ሊንክ መኖሩን ይመልከቱ።

ቀጥሎ አፑ የገባበት መንገድ። ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን ከቴሌግራም በወረደ ኤፒኬ ፋይል ከጫኑት ስልክዎ «ካልታወቀ ምንጭ መጫን ይፈቀድ?» ብሎ ጠይቆዎታል ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው አፑ የወሰደውን ፈቃድ ይዩ። ላይክ የሚያስደርግ አፕ ኤስኤምኤስ ማንበብ፣ የስልክ ማውጫ ማየት፣ ከሁሉም በላይ አክሰሲቢሊቲ የሚባለው ፈቃድ አያስፈልገውም። የኤስኤምኤስ ፈቃድ ያለው አፕ ባንክዎ የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥር ማንበብ ይችላል፤ አክሰሲቢሊቲ ያለው ደግሞ ስክሪንዎን አይቶ በእርስዎ ቦታ መጫን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ከበሩ አፑን አጥፍተው በሌላ ስልክ የሞባይል ባንኪንግና የቴሌብር ፒንዎን ይቀይሩ። በዚያው ስልክ ላይ መቀየር ቁልፉን ሌባው ፊት እንደ መቀየር ነው። አፑ «ለማረጋገጫ» ብሎ የፋይዳ መታወቂያዎን ፎቶ ወስዶ ከሆነ መዝግበው ይያዙት፤ በስምዎ የማያውቁት ሂሳብ ተከፍቶ ቢገኝ ያስፈልግዎታል።

ሰርተፍኬቱ። ግሩፖቹ ላይ ደጋግመው የሚለጠፉት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ያለው ፊንሰን የተባለ ቢሮ የሚመዘግበው «ኤምኤስቢ» (የገንዘብ አገልግሎት ድርጅት) የሚባል ነው። ይህ ፎርም ሞልቶ የሚገኝ ምዝገባ ነው፤ ክፍያ የለውም፤ ቢሮው ራሱ ምዝገባው ለድርጅቱ ሕጋዊነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ገጹ ላይ ጽፏል። ሁለተኛው የኮሎራዶ ግዛት የኩባንያ ምስክር ወረቀት ነው፤ 50 ዶላር ከፍሎ በኢንተርኔት ይወጣል። ሦስተኛው የእንግሊዝ ካምፓኒስ ሃውስ ወረቀት ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ በኢንተርኔት ሲሞላ 12 ፓውንድ ነበር፣ ከዚያ 50 ፓውንድ ሆነ። ሦስቱም ወረቀቶች እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚሉት ግን «ይህ ስም ተመዝግቧል» ብቻ ነው፤ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ማሠራት ይችላል አይሉም። አዲስ አበባ ውስጥ የንግድ ምዝገባ ያወጣ ሰው ሁሉ ባንክ መክፈት እንደማይችለው ማለት ነው። አገር ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ ተቀማጭ ከሆነ የብሔራዊ ባንክ፣ ኢንቨስትመንት ከሆነ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የታለ?

በጣም የሚያሳየው ግን አራተኛው ማጣሪያ ነው፤ ሰው ግን ከባድ መስሎት ይተወዋል። አፑ ቀሪ ሂሳብዎን በዩኤስዲቲ (ከዶላር ጋር እኩል እንዲቆም የተሠራ የክሪፕቶ ገንዘብ) የሚያሳይ ከሆነ፣ «ዲፖዚት» ሲነኩ በቲ ፊደል የሚጀምር 34 ፊደልና ቁጥር ያለው አድራሻ ያወጣል። ይህ ዩኤስዲቲ በሚተላለፍበት በትሮን ኔትዎርክ ላይ ያለ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ነው፤ ቲአርሲ20 የሚሉት ይህንን ነው። የትሮን መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው። አድራሻውን ገልብጠው ትሮንስካን በሚባለው ገጽ ላይ ይፈልጉት፤ «ትራንስፈር» የሚለውን ከፍተው የቲአርሲ20 ዝውውሮችን ያንብቡ። የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ገንዘብ ይገባል፤ ከዚያ ትንሽ ትሮን (የኔትዎርኩ የማስተላለፊያ ክፍያ) ከሌላ ዋሌት ይላክለታል፤ ከዚያ ያለው ዩኤስዲቲ በሙሉ ተጠርጎ ወደ አንድ ሰብሳቢ ዋሌት ይሄዳል። ያንን ሰብሳቢ አድራሻ ነክተው ይግቡ። በየደቂቃው ከመቶዎች ትናንሽ ዋሌቶች ትናንሽ ገንዘብ ሲገባ፣ ከዚያው ዋሌት ወይም እሱ ከሚሞላው ሌላ ዋሌት ደግሞ ለመቶዎች ሰዎች ትናንሽ ክፍያ ሲወጣ ያያሉ። የአንዱ ተቀማጭ የሌላው ትርፍ ሆኖ ሲከፈል በዓይን ማየት ይህ ነው። «ትሬዲንግ» የሚባለው ነገር የሚኖርበት ቦታ እዚያ መስመር ላይ የለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። መስመሩ የታወቀ ስም ወዳለው ትልቅ የክሪፕቶ መገበያያ ከገባ ከዚያ በኋላ መከታተል አይቻልም፤ ሊደሮቹም «ይኸው፣ እየነገደ ነው» ይላሉ። ገንዘብ ወደ መገበያያ መግባቱ መነገዱን አያሳይም፤ ባለቤቶቹ ድርሻቸውን ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚቀይሩትም እዚያው ነው። ሁለተኛው የበለጠ የተለመደ ነው፦ እርስዎ ዩኤስዲቲ አልላኩም፤ ለ«ወኪል» በቴሌብር ወይም በባንክ ብር ላኩ፣ አፑ ላይ ቁጥር ተጨመረልዎት። ያኔ መዝገቡ ላይ ምንም ላይገኝ ይችላል፤ ብርዎ በአንድ ግለሰብ ሂሳብ ውስጥ ቀርቷልና። የላኩበት ሂሳብ በድርጅት ስም ነው ወይስ በሰው? በየሳምንቱ ይቀያየራል? የሚቀያየር የግለሰብ ሂሳብ ብዙ ጊዜ የተከራየ ሂሳብ ነው። ተማሪዎችና ሥራ ፈላጊዎች በወር ጥቂት ሺህ ብር ሂሳባቸውን ያከራያሉ፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያገኘውም እነሱን ነው።

«ሳይዘጋ ገብቼ ልውጣ» የሚለው ጥያቄ ሐቀኛ ስለሆነ ሐቀኛ መልስ ይገባዋል። አዎ፣ ከእነዚህ ነገሮች አትርፈው የሚወጡ ሰዎች አሉ። ሆኖም የእርስዎን ቁጥሮች እንይ። 80,000 ብር በቀን 2,800 ቢከፍል ዋናው ብቻ ለመመለስ 29 ቀን ይፈልጋል። ሲያወጡ 10 በመቶ ቢቆረጥ በእጅዎ የሚገባው በቀን 2,520 ነው፤ 32 ቀን ይሆናል። አንድ ወር ሙሉ ከማትረፍ በታች ነዎት ማለት ነው፤ አንድ ወር ደግሞ ለእነዚህ አፖች ረጅም ዕድሜ ነው። ቪአይፒ 4 የተከፈተው በምን ጊዜ እንደሆነም ይጠይቁ። ትልልቅ ደረጃዎችና «በዚህ ሳምንት ለሚያስገቡ እጥፍ ቦነስ» የሚሉ ማስታወቂያዎች የሚመጡት መጀመሪያ ላይ አይደለም፤ ገቢው ከወጪው ማነስ ሲጀምርና ባለቤቶቹ የመጨረሻውን ማጨጃ ሲያዘጋጁ ነው። ለምን እንዲህ ይሆናል ቢባል፣ አንድ ሺህ አዲስ ሰው ከመፈለግ ያመኑትን አንድ መቶ ሰዎች ማሳደግ ይቀላል። ሁለት ጊዜ የተከፈለው፣ ዕቁብ የደረሰው ሰው ለዚህ የተመቸ ነው።

የመውጫው በር ቁልፍም እርስዎ ጋር አይደለም። 1,000 ብር በአሥር ደቂቃ የከፈለ አፕ 30,000 ሲጠይቁት «በምርመራ ላይ» ይላል። በውጤቱ ትንንሹ ይከፈላል፣ ትልቁ ይቆያል፤ ግሩፑ ላይ ደግሞ የሚለጠፈው የተከፈለው ብቻ ነው። ከተሳካልዎትም የወጣው ገንዘብ የሌላ ሰው ዕቁብ ነው፤ ምናልባትም እርስዎ ራስዎ በሊንክዎ ያስገቡት ሰው። ሌላም ጣጣ አለ። ክፍያው የሚመጣው ከማያውቁት ግለሰብ ሂሳብ ነው፤ ያ ሰው በሌላ ማጭበርበር ተከስሶ ቢገኝ ገንዘቡ የደረሰባቸው ሂሳቦች ሊታገዱ ይችላሉ፤ ደሞዝዎ የሚገባበት ሂሳብ ከሆነ መዘዙ ከ2,000 ብሩ ይበልጣል። ዩኤስዲቲን በግለሰብ ለግለሰብ ሽያጭ ወደ ብር የሚቀይሩም ይኸው አደጋ አለባቸው፦ ብሩን የላከው ሰው ስም ከገዢው ስም ጋር ካልገጠመ ዩኤስዲቲውን አይልቀቁ።

የመጨረሻዎቹን ቀናት የሚያሳዩ ነገሮች በሁሉም አገር ተመሳሳይ ናቸው። ማውጣት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሆናል። የማውጫ ክፍያ ከ5 ወደ 15 ወደ 20 በመቶ ይወጣል። «ሲስተም እያሻሻልን ነው» ወይም «ሃክ ተደርገናል» ይባላል። ግሩፑ አድሚኖች ብቻ የሚጽፉበት ይሆናል፤ ይህ ከሁሉም የማያሳስት ምልክት ነው። የመጨረሻው እርምጃ ደግሞ ገንዘብዎን ለማውጣት ገንዘብ እንዲያስገቡ መጠየቅ ነው፤ «ግብር»፣ «ማረጋገጫ»፣ «የሂሳብ ማንቂያ» እያሉ። ናይጄሪያ ውስጥ ሲቤክስ የተባለው መድረክ በወር 100 በመቶ ትርፍ ቃል ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ ሲዘጋ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ቀሪያቸው ከ1,000 ዶላር በታች የሆኑትን 100፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን 200 ዶላር ለማረጋገጫ ጠየቀ። ሰዎች ኢባዳን ከተማ ያለውን ቢሮ ሰብረው ወንበሩን ሳይቀር ተሸክመው ሄዱ። ወንበሩ ብቻ ነበር የቀረው።

ስለዚህ ዛሬ የሚያደርጉት፦ ቀሪውን በሙሉ ለማውጣት ይጠይቁ፤ በአንዴ እምቢ ካለ በሚፈቅደው መጠን ቆራርጠው። ለማውጣት ክፈሉ ከተባሉ ያ ገንዘብ ሄዷል፤ ተጨማሪ አይክፈሉ። ለማንም ሊንክዎን አይላኩ፤ የላኩላቸውን ሰዎች ደውለው ይንገሯቸው። ማስረጃ ሰብስቡ፦ የላኩበት ሂሳብ ቁጥርና የባለቤቱ ስም፣ የባንኩ የዝውውር ቁጥር፣ ዩኤስዲቲ ከላኩ የ64 ፊደሉ የዝውውር መለያ፣ የሊደሮቹ የቴሌግራም ስምና ስልክ፣ የግሩፑ መልእክቶች። ግሩፑን አሁን ኤክስፖርት ያድርጉት፤ ሲዘጋ ታሪኩን ለሁሉም ሰው ያጠፉታል። ብር የላኩት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሆነ ወዲያው ለቴሌብር በ127፣ ለንግድ ባንክ ከሆነ በ951 ይደውሉ፤ ገንዘቡ ተቀባዩ ሂሳብ ላይ ገና ካለ ብቻ ነው ማገድ ትርጉም የሚኖረው። ከዚያ ፖሊስ ጋር የጽሑፍ አቤቱታ ያስገቡ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለል ይከሰሳል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሰው በማምጣት ላይ የተመሠረተ የፒራሚድ አሠራርን ይከለክላል። የዩኤስዲቲ አውጪ የሆነው ቴዘር ኩባንያ በሕግ አስከባሪ ጥያቄ ዋሌት ማገድ ይችላል፤ የግለሰብ ኢሜይል ግን አያሳግድም፤ የፖሊስ ጥያቄ ያስፈልጋል። ከተዘጋ በኋላ «የጠፋ ዩኤስዲቲ እናስመልሳለን» ብለው በውስጥ መስመር የሚጽፉልዎ ሰዎች ሁለተኛው ዙር ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ስምዎን ያገኙት ከዚያው ግሩፕ ነው።

አሁን ጥቂት አስተያየት ይፈቀድልኝ። እነዚህ አፖች የሚለመልሙት ሰው ሞኝ ስለሆነ ነው የሚለውን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ባንክ 7 በመቶ ይከፍል ነበር። በዚያ ዓመት 100,000 ብር የቆጠበ ሰው በዓመቱ 107,000 ብር ይዞ የሚገዛው የ82,000 ብር ያህል ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ብር ይዞ መቀመጥ ኪሳራ መሆኑን ሕዝቡ ከማንም በላይ በቁጥር ያውቀዋል። «ቁጠባ ባህላችን ይሁን» እያሉ በየመድረኩ ለዚህ ሰው መስበክ ያሳፍራል።

ሁለተኛው ጥፋት የመልእክት መደበላለቅ ነው። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው አለ። በሁለት ወሩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክሪፕቶ አገልግሎት የተሰማሩ መጥተው ይመዝገቡ አለ። የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅቱ ደግሞ ለቢትኮይን አምራቾች ኃይል በዶላር ይሸጣል። ሊደሩ ቴሌግራም ላይ «መንግሥት ራሱ ገብቶበታል» ሲል ዋሸ ለማለት ረጅም ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሐሰተኛ ነገር የሚያድገው እንዲህ ያለ ክፍተት ውስጥ ነው። ቢትኮይን ማምረት፣ ዩኤስዲቲ መያዝና የላይክ አፕ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በአንድ ገጽ ቀላል አማርኛ የጻፈ ተቋም ቢኖር ከአሥር ማስጠንቀቂያ ይሻል ነበር።

ሦስተኛው የኢንተርኔት ባህሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት የተባሉ የቴሌግራም ጨዋታዎች ሚሊዮኖችን ስክሪን ሲያስነካኩ ከረሙ። እነዚያ ተቀማጭ አልጠየቁም፤ የወሰዱት ጊዜና ዓይን ነው፤ ሃምስተር በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 26 ሲከፈልም ብዙው ሰው ያገኘው ጥቂት ዶላር ነበር። ያን ክረምት የተረፈው ትምህርት ግን ለሌላ ሰው ጠቀመ። ዋሌት መክፈት፣ ሊንክ ማጋራት፣ «ዊዝድሮው» የሚለውን መጠበቅ፣ ስክሪን መንካትን ሥራ ብሎ መጥራት፤ ይህን ሁሉ ሕዝቡ በነጻ ተማረ፤ የላይክ አፖቹ የተማረ ደንበኛ አገኙ።

80,000ውን የት ላድርገው ቢሉ በየቀኑ የሚከፍል ነገር አልነግርዎትም። ለንጽጽር ያህል፦ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር ነበር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ጥሩ ነው መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ልዩነቱን ያስተውሉ፤ ሻጩ ይታወቃል፣ የገዙበት ዋጋ ተጽፏል፣ ትርፉ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ቃል አልተገባም። ቋሚ የቀን ትርፍ ቃል የሚገባልዎት ማንም ቢሆን ከእነዚህ ሦስቱ ቢያንስ አንዱ ይጎድለዋል።

ስለ አክስትዎ ልጅ፦ ምናልባት እሱም አምኖ ነው፤ በአብዛኛው እንዲያ ነው። ኮሚሽን መቀበሉ ግን በሕግ ፊት ከተጎጂነት ወደ አስፋፊነት ሊያሻግረው ይችላል፤ ከግሩፑ አድሚኖች አንዱ ከሆነማ ይበልጥ። በስልክ አይጨቃጨቁት። ትሮንስካን ላይ ያገኙትን ሰብሳቢ ዋሌት ከፍተው አጠገቡ ቁጭ ይበሉና «ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ ትርፉ የቱ ጋ ነው የሚገባው?» ብለው ይጠይቁት። ከዚያ በእሱ ሊንክ የገቡትን ሰዎች ስም በወረቀት ይጻፉ፤ ደውሎ የሚነግራቸው እሱ ይሁን፤ እርስዎም አጠገቡ ይቀመጡ።